ግድግዳው ላይ የተደፈኑት ቅስቶች፦ የዋራም ፐርሲ ቤተክርስቲያን ጉዳይ

ሰሜን እንግሊዝ ዮርክሻየር ዎልድስ በሚባለው ኮረብታማ አገር ውስጥ አንድ ጣራ የሌለው ቤተክርስቲያን አለ፣ ቅዱስ ማርቲን ይባላል። መኪና ደጁ ድረስ አያደርስም፣ ፓርኪንግ ላይ አቁማችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን በእግር ነው፣ ሲዘንብ ጭቃ ነው፣ በግና ከብት መንገድ ይዘጋባችኋል፣ ከዛ ሸለቆው ውስጥ ግማሽ ጎኑ የተገመሰ የደወል ግንብ ብቅ ይላል። መንደሩ የታለ ብላችሁ ዙሪያውን ብታዩ የለም። ከአንድ አሮጌ የገበሬ ቤት በቀር ሁሉም ሳር ነው። ሳሩን ግን በደንብ ካያችሁት፣ በተለይ ጠዋት ወይ ማታ ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ጎበጥ ሰርጎድ ያለ ነገር ታያላችሁ፣ እሱ ነው የቤቶቹ መሠረትና የመንገዱ ፈለግ። ዋራም ፐርሲ ማለት ይሄ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ ካሉት ከ3,000 በላይ ጠፍ የሆኑ የመካከለኛው ዘመን መንደሮች ከሁሉም በላይ የተቆፈረውና የተጠናው። (ዋራም ለ ስትሪት የሚባል ጎረቤት መንደርም አለ፣ እሱ እስካሁን ሰው ይኖርበታል፣ ሁለቱን እንዳታምታቱ።)

እኔ ላወራላችሁ የፈለግኩት ስለ መንደሩ ሳይሆን ስለ ቤተክርስቲያኑ ነው፣ እንደውም ስለ አንድ ግድግዳው። ግድግዳውን ከውጭ ቆማችሁ ስታዩት ትልልቅ ቅስቶች ድንጋዩ ውስጥ ተቀብረው ይታያሉ፣ ዓምዳቸው አለ፣ ጉብታቸው አለ፣ መሐላቸው ግን በድንጋይ ተደፍኖ መስኮት ገብቶበታል። በር ያልሆነ፣ መስኮት ያልሆነ፣ የትም የማያስገባ ቅስት ማን ይሠራል? ማንም አይሠራም። ቅስቱ ሲሠራ ወደ ሌላ ክፍል ያስገባ ነበር፣ ክፍሉ ፈርሶ ነው ቅስቱ የተደፈነው። ለምን ፈረሰ የሚለው ጥያቄ ነው ጉዳዩ ሁሉ።

ከዚህ በታች የምጠራው ዓመተ ምህረት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ትንሽ ስለ አሠራሩ፣ ምክንያቱም የእንግሊዝ የገጠር ቤተክርስቲያን ከኛ ክብ ቤተክርስቲያን ጋር አይመሳሰልም። ቀጥ ያለ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ቤት ነው። ምሥራቅ በኩል ያለው ጠበብ ያለ ክፍል መቅደሱ ነው፣ ቄሱ ቅዳሴ የሚያደርስበት። ከሱ ቀጥሎ ሰፋ ያለው ኔቭ የሚሉት ክፍል ሕዝቡ የሚቆምበት ነው፣ ምዕራብ ጫፍ ላይ ደግሞ የደወል ግንብ ይኖራል። ሰው ሲበዛና ኔቩ ሲጠብ ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ፣ ሙሉ ቤቱን አያፈርሱም፣ የጎኑን ግድግዳ በቅስት በቅስት ይበሱትና ከውጭ በኩል ዝቅ ያለ ጣራ ያለው ክፍል ይቀጥሉበታል። ያ የጎን ክፍል አይል ይባላል። በአንድ ጎን አንድ፣ ገንዘብም ሰውም ካለ በሌላውም ጎን ሌላ። ልክ እኛ ግቢ ውስጥ ልጅ ሲያገባ ከዋናው ቤት ጎን ሰርቪስ እንደምንቀጥለው በሉት።

ዋራም ፐርሲ ይሄን ሁሉ አልፎበታል። በቁፋሮ የተገኘው የመጀመሪያው ነገር በ10ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የቆመ ይመስላል የተባለ ትንሽ የእንጨት ቤተክርስቲያን ነው፣ ከሱ የቀረው ምሰሶው የገባበት ጉድጓድ ብቻ ነው። በላዩ ላይ ትንሽ የድንጋይ ቤት ተሠራ፣ ኔቭና መቅደስ፣ በቃ። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ መንደሩ በ1086ቱ ትልቁ የንጉሡ የርስት መዝገብ ውስጥ ስሙ ሰፍሯል፣ የፐርሲ ቤተሰብ የሚባሉት ባላባቶችም ስማቸውን አወረሱት፣ ዋራም የመንደሩ ስም ነው ፐርሲ የጌቶቹ። ቤተክርስቲያኑም ረዘም ብሎና ሰፋ ብሎ እንደገና ተሠራ፣ መቅደሱ በምሥራቅ ጫፍ ክብ ሆነ፣ ግንቡ በምዕራብ ቆመ። ከዛ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የደቡቡን ግድግዳ በስተው አይል ጨመሩ። ቀጥሎ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜንም ጨመሩ። በኋላም ሰሜን ምሥራቅ ጥጉ ላይ ተጨማሪ ጸሎት ቤት ቀጠሉ። ያኔ ነው ቤተክርስቲያኑ ትልቅ የነበረው፣ የመንደሩም ደህና ቀን ያኔ ነበር፣ ኮረብታው አናት ላይ ሁለት ረድፍ የገበሬ ቤት፣ ሁለት የባላባት ቤት፣ ታች ወንዙን ገድበው የሠሩት ኩሬ፣ ወፍጮ፣ ዙሪያውን ሁሉ የታረሰ መሬት።

ከሁለቱ የባላባት ቤቶች አንዱ በ1254 ታሪኩ አለቀ። ቻምበርሊን የሚባል ሌላ ቤተሰብ የያዘውን ድርሻ ፐርሲዎች ጠቀለሉት፣ አንድ ጌታ ሁለት የጌታ ቤት ስለማያስፈልገው ደቡብ ያለው ቤት ፈረሰ፣ ቦታውንም ድንጋይ ቆፈሩበት፣ በኋላ ደግሞ ተራ ገበሬ ቤቱን ሠራበት። ቆፋሪዎቹ የገበሬ ቤት ነው ብለው ጀምረው ከሥር ያማረ የ12ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ምድር ቤት ሲወጣ ምን እንዳሉ መስማት ነበር።

ከዛ ወደ ታች መሄድ ተጀመረ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው ውስጥ ሁለቱም አይሎች ፈረሱ፣ ቅስቶቹ ተደፈኑ፣ መስኮቶቹም የተደፈነው ቅስት ውስጥ ገቡ። የጎን ጸሎት ቤቱም ቀረ። በኋላም መቅደሱ ራሱ አጠረ። ስለዚህ ዛሬ የምታዩት ፍርስራሽ የትልቁ ቤተክርስቲያን ሳይሆን የተኮማተረው ነው፣ ልክ ሰው ከስቶ የድሮ ኮቱን አስጠብቦ እንደሚለብሰው፣ ስፌቱ ግን ይታያል።

ለምን ተኮማተረ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጠፍ መንደር ሲባል መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው ወረርሽኝ ነው። ከ1348 እስከ 1349 ጥቁሩ ሞት እንግሊዝን አጨደ፣ ዋራምም አልቀረለትም፣ ሰው ሞቷል፣ ይሄ አያከራክርም። ግን መንደሩን የዘጋው እሱ አይደለም። ከወረርሽኙ በኋላ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ እዛው ኖሯል፣ አርሷል፣ ልጅ አስጠምቋል። አይሎቹ የፈረሱት ወረርሽኙ ካለፈ ከአንድ ትውልድ በኋላ እንኳን አይደለም፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ወረርሽኙ ነው የዘጋው ቢባል ኖሮ ግድግዳው ቶሎ መናገር ነበረበት፣ አልተናገረም።

እውነተኛው ገዳይ በግ ነው። እየቀለድኩ አይደለም። ከወረርሽኙ በኋላ ሰው ሲያንስ ሠራተኛ ተወደደ፣ እህል ደግሞ ዋጋው ወረደ፣ ሱፍ ግን ገበያ ነበረው፣ መቶ ገበሬ ከሚያርስልህ ሁለት እረኛና አንድ መንጋ በግ የተሻለ ትርፍ ያስገባልሃል። ባለርስቶቹም ሂሳቡን ሠሩ። በዚያን ጊዜ ዋራም የፐርሲዎች መሆኑ ቀርቶ ባሮን ሂልተን የሚባሉ ጌታ ይዘውት ነበር፣ በ1500 አካባቢም የመጨረሻዎቹ አራት አባወራዎች ተነሱ፣ ቤታቸው ፈረሰ፣ መሬቱ የበግ ግጦሽ ሆነ። ይሄን እንዴት አወቅን ካላችሁ፣ መንግሥት ራሱ በ1517 በየአገሩ ማን ጭሰኛ አፈናቅሎ መሬት እንዳጠረ የሚያጣራ ኮሚሽን ልኮ ነበር፣ የንጉሡ ቀኝ እጅ የነበሩት ካርዲናል ዎልዚ ናቸው ያንን ያስነሱት፣ የዋራም ጉዳይም እዛ ውስጥ ተመዝግቧል። አራት ቤት ብቻ ነው እኮ ስንል ቀላል ይመስላል፣ ግን ልብ በሉ፣ አራት የቀረው ሌላው አስቀድሞ አንድ በአንድ ስለለቀቀ ነው። መንደር ባንድ ሌሊት አይጠፋም፣ ጎረቤት ሲለቅ ሌላው ይከተላል፣ በመጨረሻ የሚቀሩትን አራት ሰው ማስነሳት ለጌታው ቀላል ነው።

እሺ፣ እንግዲህ መንደሩ በ1500 ካለቀ ቤተክርስቲያኑ ለምን አብሮ አልሞተም? እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ይሄ ነው። መልሱ አጥቢያ የሚለው ቃል ውስጥ ነው። የቅዱስ ማርቲን አጥቢያ ዋራም ብቻ አልነበረም፣ አምስት መንደር ነበር፣ ዋራም፣ ቲክሰንዴል፣ ሬይስቶርፕ፣ በርዴልና ታውቶርፕ። ሁሉም አሥራት የሚከፍለው እዚህ ነው፣ ሙታኑን የሚቀብረው እዚህ ነው። ዋራም ራሱ ባዶ ቢሆንም ሌሎቹ እስካሉ ድረስ ቤተክርስቲያኑ አጥቢያ አለው። ግን ሬይስቶርፕም በርዴልም ታውቶርፕም ተራ በተራ እየሳሱ ሄዱ፣ ደህና መንደር ሆኖ የቀረው ቲክሰንዴል ብቻ ሆነ። የቲክሰንዴል ሰው ደግሞ ወደ 5 ኪሎ ሜትር በእግሩ ኮረብታ ወጥቶ ወርዶ ነበር ለእሁድ ጸሎት የሚመጣው፣ የሚቀብርም ሬሳ ተሸክሞ ያንኑ መንገድ። ማንም በማይኖርበት ሸለቆ ውስጥ ቄስ ይጠብቃችኋል፣ እናንተ ደግሞ ከሩቅ ትመጣላችሁ። ይሄ ለሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀጠለ!

እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ ላስገባ። የቤተክርስቲያኑን ስፋት እንደ ሕዝብ ቆጠራ ማንበብ ደስ ይላል፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚተርከው፣ ሰው በዛ ሰፋ፣ ሰው አነሰ ጠበበ። በጥቅሉ ልክ ነው። ግን አይል የሚጨመረው ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም፣ ባለጠጋ ቤተሰብ ለነፍሱ ጸሎት የሚደረግበት ተጨማሪ መንበር ሲፈልግም ይሠራል፣ ጎረቤት ደብር ሠራ ተብሎም ይሠራል። ሲፈርስም እንደዚሁ፣ ሰው ስላነሰ ብቻ ሳይሆን ጣራውን የሚያድስ ገንዘብ ስለሌለም ነው፣ አይል ማለት ተጨማሪ ጣራ ነው፣ ተጨማሪ ጣራ ማለት ተጨማሪ ወጪ። ለእኔ ግድግዳው የሚነግረን የሰው ቁጥርን ሳይሆን አጥቢያው ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ትልቅ ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ፣ ምክንያቱም ከቤተክርስቲያኑ ውስጥና ከደጁ ወደ 700 የሚጠጋ አጽም ወጥቷል፣ አብዛኛው የመካከለኛው ዘመን ገበሬ ነው። ከመኳንንት ውጭ ስለ ተራ የገጠር ሰው እንዲህ ያለ ስብስብ በጣም ብርቅ ነው፣ ለዛ ነው ተመራማሪዎች እስካሁን የሚመላለሱበት። ለምሳሌ የሕፃናቱን አጥንት ኬሚስትሪ አይተው እናቶቹ ልጆቻቸውን እስከ አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ያጠቡ እንደነበር ደርሰውበታል። በእድሜ የገፉት ሴቶች አጥንትም ዛሬ እንደምናየው ሳስቶ ተገኝቷል፣ ኦስቲዮፖሮሲስ የዘመናዊ ኑሮ በሽታ ነው የሚለውን ወሬ ይሄ በደንብ ያናጋዋል፣ ሴቶቹ እኮ ቀኑን ሙሉ የእርሻ ሥራ የሚሠሩ ነበሩ። አንድ ሰውዬ ደግሞ አለ፣ ወደ 40 ዓመት የሚሆነው፣ በ960 እና በ1100 መካከል የኖረ፣ ጭንቅላቱን በከባድ ነገር ተመትቶ ቅሉ ተሰብሯል፣ ከዛ የሆነ ሰው ቆዳውን ገልጦ አጥንቱን ፍቆ ስብርባሪውን አንስቶለታል፣ ሰውዬውም ድኖ ቆይቶ ነው የሞተው፣ አጥንቱ መልሶ የገጠመበት ምልክት አለ። ማደንዘዣ የለ ሆስፒታል የለ፣ በገጠር መንደር።

እንግዲህ ጋዜጣ ላይ የወጣው ግን ሌላኛው ነው፣ የሙት ታሪኩ። በ2017 ሂስቶሪክ ኢንግላንድ የሚባለው የመንግሥት የቅርስ ተቋምና የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 137 የአጥንት ቁራጭ አጥንተው አወጡ፣ ቢያንስ የ10 ሰው፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወንድም ሴትም ሕፃንም አለበት። አጥንቶቹ ላይ የቢላ ምልክት አለ፣ የተቃጠለ አለ፣ ሆን ተብሎ የተሰበረ አለ፣ ሁሉም ከሞቱ በኋላ የተደረገ ነው። የተገኙት ደግሞ ደጀ ሰላሙ ላይ ሳይሆን መንደሩ ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በረሃብ ሰው ሰውን በልቶ ይሆን የሚለውን አዩት፣ ግን ሥጋ ለመብላት ቢሆን ቢላው የሚያርፈው መጋጠሚያው ላይ ነው፣ እዚህ ግን ጭንቅላትና አንገት አካባቢ ነው የበዛው። መጤ ይሆኑ እንዴ ተብሎ ጥርሳቸው ተመረመረ፣ የዛው አገር ልጆች ናቸው። ስለዚህ የተሻለው ማብራሪያ ሙት ከመቃብር ተነስቶ ሰው ያስቸግራል የሚል ፍራቻ ነው ተባለ፣ እንዳይነሳ ሬሳውን ቆራርጠው አቃጠሉት። እኔ ይሄን ሳነብ የሙት ታሪኩ ሳይሆን ቦታው ነው የያዘኝ፣ ሌላው ሁሉ ቤተክርስቲያኑ ሥር በሥርዓት ተኝቶ እነዚህን 10 ሰዎች ግን መንደሩ ደጀ ሰላሙን ነፈጋቸው ማለት ነው።

ቁፋሮው ራሱ ታሪክ ነው። ሞሪስ ቤረስፎርድ የሚባል የሊድስ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ታሪክ ሰው በ1948 ቦታውን አየው፣ በ1950 መቆፈር ጀመረ። አርኪዮሎጂስት አልነበረም፣ የሱ ጥያቄ የሰነድ ሰው ጥያቄ ነበር፣ መንደሮቹ መቼና ለምን ጠፉ። በ1952 ጆን ኸርስት የሚባል እውነተኛ አርኪዮሎጂስት መጣና ሁለቱ ተጣመሩ፣ በየዓመቱ በጋ ላይ ሦስት ሳምንት፣ በጎ ፈቃደኛ ሰብስበው፣ እስከ 1990 ድረስ አርባ ዓመት። ዘዴውንም ከዴንማርኮች ወሰዱ፣ ቀጭን ቦይ ከመቆፈር ይልቅ ሰፊ ቦታ ገልጦ አፈሩን በስስ ንብርብር ማንሳት፣ ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ለገበሬ ቤት እንዲህ የሚደክም አልነበረም። ሁልጊዜም ልክ አልነበሩም፣ መጀመሪያ የገበሬው ቤት በየትውልዱ ፈርሶ የሚሠራ ደሳሳ ጎጆ ነው ብለው ደምድመው ነበር፣ በኋላ ስቱዋርት ራትሜል ማስረጃውን እንደገና አይቶ፣ አይ፣ ጠንካራ የእንጨት አጽም ያለው ቤት ነው፣ የሚታደሰው ግድግዳው ነው እንጂ ቤቱ አይደለም ብሎ ገለበጠው።

ቤተክርስቲያኑን ለመቆፈር ዕድል የከፈተው ግን መጥፎ ነገር ነው። ቲክሰንዴል በ1870 የራሱን ቤተክርስቲያን አገኘ፣ ሰር ታተን ሳይክስ ናቸው ያሠሩት፣ አርክቴክቱ ጆርጅ ኤድመንድ ስትሪት። ከዛ በኋላ ያን ሁሉ መንገድ ማን ይመጣል? በቅዱስ ማርቲን የመጨረሻው ጸሎት በ1949 ተደረገ። ቀጥሎ ሌቦች መጡና ጣራውን የሸፈነውን የእርሳስ ብረት ገፈው ወሰዱት፣ እሱ ከተነሳ ጣራው ዝናብ አይችልም፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ውሃ ይጠጣል። በ1959 ግንቡ ተሰንጥቆ ግማሹ ወደቀ። የሚገርመው እስከዛ ድረስ ማንም ወለሉን ሊቆፍር አይችልም ነበር፣ ሰው የሚጸልይበት ቤት ወለል እንዴት ትቆፍራለህ? ሲፈርስ ነው ቆፋሪ የገባው፣ ከ1962 እስከ 1974 ድረስ ንብርብሩን አንድ በአንድ እየገለጡ፣ ከተኮማተረው ሥር ትልቁን፣ ከትልቁ ሥር ትንሹን፣ ከትንሹ ሥር የእንጨቱን ምሰሶ ጉድጓድ አገኙ። ጣራው ባይዘረፍና ግንቡ ባይወድቅ ኖሮ ቅስቶቹ ለምን እንደተደፈኑ ዛሬም እየገመትን ነበር።

ዛሬ ቦታውን ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ይጠብቀዋል፣ መግቢያ በነፃ ነው። የወደቀውን ግንብ መልሰው አልሠሩትም፣ የቀረው እንዳይወድቅ ብቻ አጠናክረውታል፣ ስለዚህ የግንቡን ውስጡን ከውጭ ሆናችሁ ታያላችሁ። ከሄዳችሁ መጀመሪያ ውስጥ አትግቡ። ደቡብ በኩል ሳሩ ላይ ቁሙና ግድግዳውን እዩ፣ ቅስቱን ካገኛችሁ በኋላ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት እርምጃ ሂዱ፣ እግራችሁ ሥር ያለው ሳር የፈረሰው አይል ወለል ነበር።